የቀፊራዋ አክስቴ ስልክ፦ ለዓይን፣ ለጆሮና ለእጅ የሚሆን አፕ አሠራር

አክስቴ ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ እህልና በርበሬ ትሸጣለች። ሽያጭና ዱቤ የምትመዘግብበት አንድ አፕ ሠራሁላት። ቤት ውስጥ፣ ፋን ሥር ቁጭ ብዬ ስሞክረው ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ሱቅ የወሰድኩት ግንቦት ላይ ነው። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ጠርዝ ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታርፍ ምንም አይታይም። ጎረቤት ያለው ወፍጮ ሲነሳ የስልኩ ድምፅ ይዋጣል። አክስቴ በርበሬ የነካ ጣቷን ስታሳርፍበት ደግሞ ስልኩ እሺ አይላትም። ዓይንም፣ ጆሮም፣ እጅም በአንድ ጠዋት ተዘጉ።

"አንተ ልጅ፣ ደብተሬን መልስልኝ" አለችኝ። መለስኩላት። ማታ ወደ ሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለዚህ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አክስቴ የዓይን ሞራ ጀምሯታል፤ ትልቅ ነገር ታያለች፣ ትንሽ ነገር ይደበዝዝባታል። ከኋላ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ካለው መጋዘን ጆንያ የሚያወጣው ልጅ ደግሞ መስማት የተሳነው ነው። ለእሷ ያማረ ስክሪን ብቻ አይበቃም። ለእሱ ድምፅ ምንም አይሠራም። እኔ የሠራሁት አፕ ግን ሁለቱንም እንደ እኔ አድርጎ የሚያስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ይዣለሁ። አስፈላጊ የሆነ መልእክት ሁሉ ቢያንስ በሁለት በር ይግባ። በዓይንና በጆሮ፣ ወይም በጆሮና በእጅ፣ ወይም በእጅና በዓይን። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ሕግ እንዴት ሥራ ላይ እንዳዋልኩት ነው። እናንተ የምትሠሩት ለክሊኒክም ይሁን ለአውቶቡስ ትኬት መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ዝጉት

አንድ ሙሉ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሥራው ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ። በየሩብ ሰዓቱ የትኛው ሥራ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ነፃ እንደሆነ ምልክት አድርጉ።

እኔ አክስቴ ጎን ጆንያ ላይ ተቀምጬ ያየሁት ይህን ነው። እህል ስትመዝን ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው። ቀኝ እጇ ጣሳ ይዟል፣ ግራ እጇ የገዢውን ዘንቢል አፍ ከፍቶ ይዟል። ጆሮዋ ገዢዋ "አቦ ትንሽ ጨምሪልኝ" ስትል እየሰማ ነው። ሦስቱም ተይዘዋል። የመጀመሪያው አፕ ግን ልክ በዚያች ደቂቃ "ስንት ኪሎ?" ብሎ ይጠይቃት ነበር። ለምን እንዳልተጠቀመችበት ያኔ ገባኝ።

እህሉ ዘንቢል ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ግን አንድ እጅ ነፃ ይሆናል። ገዢዋ ገንዘቧን ከመቀነቷ እስክትፈታ ድረስ ደግሞ ዓይንና ጆሮም ጊዜ ያገኛሉ። ዘንድሮ አፑ የሚጠይቃት ያኔ ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳልቀይር፣ ጥያቄው የሚመጣበትን ጊዜ ብቻ በማዛወሬ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

ሌላም ነገር አየሁ። አክስቴ ረዳት ስታዝ በአገጯ እየጠቆመች "ከዛኛው ሁለት ኪሎ" ነው የምትለው። ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግርህም። አገጩም ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንድም ሰው አይሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሪቻርድ ቦልት የተባለ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያሳየው ነገር ይኸው ነው። አንድ ሰው ትልቅ የግድግዳ ስክሪን ፊት ተቀምጦ በእጁ እየጠቆመ "ያንን እዚያ አድርገው" ይላል፤ ኮምፒውተሩም ይታዘዛል። "ያንን" የሚለውን ቃል የሚሞላው ጣቱ ነው። ስለዚህ ሰው በተፈጥሮው ምን ከምን ጋር እያጣመረ እንደሚናገር ልብ በሉ። አፑ ላይ እህሉን በሥዕሉ ነክታ ቁጥሩን በአፏ እንድትናገር ማድረግ፣ ሁሉንም በአፍ ከማስባል ይቀላል። በስም ከጠራችው "ነጭ ማሽላ" እና "ቀይ ማሽላ" ወፍጮው ጎን ይምታታሉ። ሥዕሉን ከነካችው አይምታታም።

ሥራ አከፋፍሉ

ሦስቱም ስሜቶች እኩል ሥራ አይችሉም። ዓይን የሚቆይ ነገር ያነባል፤ ዝርዝር ያወዳድራል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል። ጆሮ ሰው ወዴትም ዞሮ ቢቆም ይሰማል፣ ድምፁ ግን ካለፈ አለፈ ነው። እጅ ብዙ ነገር አይሸከምም። "ሆነ"፣ "አልሆነም"፣ "ና" የሚሉትን ሦስት ቃላት ግን ማንም ሳያይ ሳይሰማ ያደርሳል።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት ግዴታዎች አሉ። በድምፅ የተነገረ ሁሉ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይቅር፤ ያመለጠው ሰው ተመልሶ ይየው። አስቸኳይ የሆነ ጽሑፍ ደግሞ ዝም ብሎ ስክሪን ላይ አይቀመጥ፤ በድምፅ ወይም በንዝረት ይጥራ። በተረፈ ሁሉንም ነገር በሦስቱም መንገድ አትናገሩ። በእያንዳንዱ ንክኪ የሚጮህና የሚንቀጠቀጥ ስልክ ሰው በአንድ ቀን ሁሉንም ያጠፋዋል፤ ከዚያ የሚያስፈልገውም አብሮ ይጠፋል።

ለዓይን

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ስለ ስክሪን ብዙ ተጽፏል። ለድሬ ፀሐይና ለፊደላችን የሚያስፈልገውን ብቻ ልበል።

የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ደብሊው ስሪ ሲ ያዘጋጀው የተደራሽነት መመሪያ፣ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ይላል። ጠበቅ ያለው ደረጃ 7 ለ1 ነው። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ይደርሳል። ከቤት ውጪ ለሚሠራ ሰው ከ7 አትውረዱ። ያ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ያምራል፣ ቀፊራ ላይ ግን የለም ማለት ነው።

ቀለምን ብቻውን አትመኑት። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። እኔ ዱቤን በቀይ፣ የተከፈለውን በአረንጓዴ ብቻ ነበር የለየሁት። አሁን የተከፈለው ሙሉ ክብ ነው፣ ዱቤ ባዶ ክብ ነው። ቀለሙ ተጨማሪ ነው።

ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ሁለት ቁልፍ ነበር። አንዱ "ሸጥኩ" ይላል፤ በጥሬ ገንዘብ። ሌላው "ሰጠሁ" ይላል፤ በዱቤ። እስቲ ሁለቱን የመጀመሪያ ፊደሎች ተመልከቷቸው። "ሸ" ማለት "ሰ" ራሷ ናት፣ አናቷ ላይ አንድ ትንሽ ሰረዝ ብቻ ተጨምሮባት። አክስቴ ዓይን ላይ ያቺ ሰረዝ የለችም። በጥሬ የሸጠችው ስንት ሽያጭ በዱቤ እንደተመዘገበ ያወቅነው፣ አንዲት ደንበኛ "እኔኮ ከፍያለሁ!" ብላ ስትቆጣ ነው። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስካሁን አለቀቀኝም። አንድ ሰው ያልተበደረውን ተበድረሃል ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እና ምን አደረግሁ? "ሰጠሁ" የሚለውን አውጥቼ "ዱቤ" አልኩት። "ሸጥኩ" የሚለውን "ከፈሉ" አልኩት። በድምፅም፣ በቅርፅም፣ በርዝመትም የማይመሳሰሉ ቃላት ናቸው። ጎን ለጎን የነበሩትን ቁልፎችም አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች አደረግኋቸው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ እንደዚሁ በትንሽ ምልክት ነው የሚለያዩት። ከፈለ እና ከፈሉንም የሚለያት አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ለላቲን ፊደል ይበቃል የተባለ መጠን ለእኛ አይበቃም። አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጉት። በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። ደመቅ ያለ ወፍራም ፊደል ደግሞ በትንሽ መጠን ሲጻፍ የ"ጨ" እና የ"ፀ" ክፍተት ይደፈናል፤ ለማጉላት መጠኑን ጨምሩ እንጂ አታወፍሩት።

ለጆሮ

ሰፊው ሥራ ያለው እዚህ ነው። እኔም ብዙ ሌሊት ያደርኩት እዚህ ላይ ነው።

ከጢጥ ጢጥ ድምፅ እንጀምር። የትናንሽ ስልኮች ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄድበት ቀጭኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ሁኑ፤ ከ500 እስከ 3,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ባለው ውስጥ። ለ"ሆነ" ከታች ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት አጭር ድምፆች፣ ለ"አልሆነም" ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ድምፆች። ማንም ሳያስተምራት አክስቴ በአንድ ቀን ለየቻቸው።

ቀጥሎ ንግግር። የስልኩ ሰው ሠራሽ ድምፅ አማርኛ ሊያነብ ይችላል፤ ለምሳሌ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያካትታል። ግን ድምፁ ማሽን ማሽን ይላል፣ በገበያ ጫጫታ ውስጥ ደግሞ ቁጥር ያደባልቃል። እኔ የሚያስፈልገኝ ቁጥርና ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆነ የሰው ድምፅ መቅዳት መረጥኩ።

የአማርኛ ቁጥር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ቅጂ። "አሥር" እና "አሥራ"፣ ሁለት ቅጂ፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ለማለት ሁለተኛዋ ታስፈልጋለች። ከሃያ እስከ ዘጠና ስምንት ቅጂ። "መቶ" እና "ሺህ" ሁለት። ተደምሮ 21 ነው። በእነዚህ 21 ቅጂዎች ከአንድ ብር እስከ 999,999 ብር ያለውን ማንኛውንም ቁጥር መናገር ይቻላል። 235 ሲሆን "ሁለት" "መቶ" "ሠላሳ" "አምስት"፣ መጨረሻ ላይ "ብር"። እንደ ዶቃ መሰካት ነው።

ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰው ቁጥር ሲናገር መሃል ላይ ያለው ቃል ድምፁን ሰቅሎ ይይዛል፣ የመጨረሻው ቃል ይወርዳል። ሁሉንም ቃል በዝርዝር ካነበባችሁት ሁሉም እየወረደ ይቀዳል። ሲሰካ "ሁለት። መቶ። ሠላሳ።" ይሆናል፣ ሰሚውም በእያንዳንዱ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃላቱን ለየብቻ አታስነብቡ። "ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ብር" ብሎ ሙሉውን እንዲናገር አድርጉና ከመሃሉ ቁረጡ። "ብር" የምትለዋን ብቻ ከመጨረሻ ቁረጡ። የምትቀዱት ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ፊቱ ላይ ይሁን፤ ልብሱ የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል። ፋኑን ማጥፋት ግዴታ ነው። በድሬ ሙቀት ፋን አጥፍቶ መቅዳት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ሌሊት ቅዱ።

ድሬ ደግሞ በአንድ ቋንቋ አትነግድም። ደንበኞቻችን ኦሮምኛና ሶማሊኛም ይናገራሉ፤ ሒሳባቸውን በራሳቸው ቋንቋ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። መጀመሪያ የመሰለኝ ቅጂዎቹን ብቻ ቀይሮ በዚያው ቅደም ተከተል መሰካት ነው። ስህተት ነበር። ሁለት መቶ በኦሮምኛ "ዺባ ለማ" ነው፤ መቶው ይቀድማል፣ ሁለቱ ይከተላል። ሃያ ለብቻው "ዲግደማ" ይባላል፣ ሃያ አምስት ሲሆን ግን "ዲግደሚ ሸን" ይሆናል፤ መጨረሻው ስለሚለወጥ ለእያንዳንዱ አሥር ሁለት ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። በሶማሊኛ ደግሞ ሁለት መቶ "ለባ ቦቆል" ነው፣ እንደ አማርኛው። ሃያ አምስት ላይ ግን "ሸን ኢዮ ለባተን" ይላል፤ አምስቱ ቀድሞ ሃያው ይከተላል። አምስት በሁለቱም ቋንቋ "ሸን" መሆኑን ያወቅሁትም በዚህ ሥራ ነው፣ በጣም ደስ አለኝ። ለማንኛውም ትምህርቱ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን የአሰካክ ደንብ ጻፉ፣ ደንቡንም ቋንቋውን ከልጅነቱ የሚናገር ሰው ይስማው።

ሰዓትም እንደዚሁ። ስልኩ ውስጥ 15:00 ተብሎ የተቀመጠውን "አሥራ አምስት ሰዓት" ብሎ የሚያነብ አፕ ለማንም አይጠቅምም። "ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት" ይበል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር። ድምፅ የሰው ገመና ያወጣል። ሁለተኛው አፕ የደንበኛውን ስም ከነዱቤው በድምፅ ይናገር ነበር። ለአክስቴ ዓይን ብዬ ነው ያደረግሁት። አንድ ከሰዓት፣ ሱቁ ሰው ሞልቶ እያለ፣ ስልኩ የአንዲት እናትን ስምና ዕዳ ጮክ ብሎ ተናገረ። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። አክስቴ ሥራዋን ትታ ተከትላት ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻት። እኔ ያን ዕለት ማታ ያንን የኮዱን ክፍል ሙሉ በሙሉ አጠፋሁት።

አሁን ስምና ዕዳ በአንድ ላይ በድምፅ ማጉያ አይነገርም። ጆሮ ማዳመጫ ካልተሰካ ድምፁ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። ስሙ በስክሪኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ያውም ወደ አክስቴ ዞሮ። ማንኛውንም ነገር በድምፅ ከማድረጋችሁ በፊት "ይህን ጎረቤት ቢሰማው ምን ይሆናል?" ብላችሁ ጠይቁ። ለክሊኒክ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠይቁ።

ለእጅ

እጅ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ቁልፍ ይነካል፣ ንዝረት ይሰማል። መጀመሪያ ስለ መንካቱ።

የአንድሮይድ መመሪያ አንድ ቁልፍ ቢያንስ 48 ዲፒ በ48 ዲፒ (ዲፒ የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ ነው) ይሁን ይላል፤ ወደ 9 ሚሊሜትር ማለት ነው። ያ ለንጹሕና ለተረጋጋ ጣት ነው። በርበሬ ለነካ፣ ላብ ላለው፣ ለሚቸኩል ጣት እኔ ሁለት ሳንቲሜትር አደረግሁት። ስክሪኑ ላይ የቀሩት አራት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ አራቱም ጥግ ላይ ናቸው። የስልኩን ጥግ እጅ ሳያይ ያገኘዋል። በመከላከያው መስታወት ላይ፣ "ከፈሉ" የሚለው ቁልፍ ካለበት ጎን፣ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አደረቅሁበት። ጣቷ ያቺን ጉብታ ሲያገኝ የት እንዳለች ታውቃለች። አዲስ ነገር አይደለም። የድሮ ስልኮች 5 ቁጥር ላይ ያለችውን ነጥብ አስታውሱ። የኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ኤፍና ጄ ላይ ያሉት ሰረዞችም ለዚሁ ናቸው።

ዱቄቱ ጣት ላይ ሲበዛ ስክሪኑ ጨርሶ እሺ እንደማይል አትርሱ። ስለዚህ የመጨረሻውን ምዝገባ የመሰረዝ ሥራ በድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ቁልፍም እንዲሆን አደረግሁ። የሚጫን እውነተኛ ቁልፍ ዱቄት አይፈራም።

አሁን ንዝረት። ይህ የልጁ ነገር ነው። አክስቴ ስትመዘግብ እሱ ስልክ ላይ "ነጭ ማሽላ፣ 1 ጆንያ" የሚል ይመጣል፣ ስልኩም ይንዘፈዘፋል። መጀመሪያ ሳይሰማው ቀረ። ለምን እንደሆነ ለማየት መጋዘን ገባሁ። ስልኩን እህል የሞላ ጆንያ ላይ አስቀምጦታል። እህል ንዝረትን ይውጠዋል። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ኖሮ ይንጫጫ ነበር፣ ለእሱ ግን ያም አይሰማም። ልጁ የሚለብሰው እንደ ብዙ የድሬ ሰው ሽርጥ ነው፤ ሽርጥ ኪስ የለውም። ዘዴውን ያገኘው እሱ ራሱ ነው። ስልኩን ሽርጡ ወገብ ላይ በሚጠቀለልበት እጥፋት ውስጥ ሸጎጠው። ሆዱ ላይ ስለሚያርፍ አንድም አያመልጠውም። ከዚያ ወዲህ ንዝረት ያለው ነገር ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ስልኩ የት እንደሚቀመጥ ነው።

በርካሽ ስልክ ውስጥ ያለው የንዝረት ሞተር ለመነሳት ጊዜ ይፈልጋል። ከ50 ሚሊሰኮንድ በታች የሆነ ንዝረት ካዘዛችሁት ምንም ላይሰማ ይችላል። እኔ አጭሩን 150፣ ረጅሙን 600 አደረግሁ፣ በመካከላቸው 150 ዝምታ። አንድ አጭር "ሆነ"፣ ሁለት አጭር "አልሆነም"፣ አንድ ረጅም "ጆንያ አምጣ"። አራተኛ ልጨምር ሞክሬ ነበር፤ ልጁ እጁን አወዛውዞ "ተው" አለኝ። ልክ ነው፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚቆጥር ሰው የለም። በድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የንዝረት ትእዛዝ አንድሮይድ ላይ በክሮም ይሠራል፣ አይፎን ላይ በሳፋሪ አይሠራም። ንዝረቱ ባይኖርም ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ሥራውን ይሸፍን።

አብረው ይምጡ፣ እውነቱን ይናገሩ

ሦስቱ ምልክቶች በአንድ ላይ መድረስ አለባቸው። በመካከላቸው ከ0.1 ሰኮንድ በላይ ካለፈ ሰው ሁለት የተለያየ ነገር የሆነ ሊመስለው ይችላል። የድምፅ ፋይሎቹን አፑ ሲከፈት ቀድማችሁ አዘጋጇቸው፤ በተፈለጉ ቁጥር ከማከማቻ ሲወጡ ይዘገያሉ።

ከዚህ የከፋው ግን ምልክቱ ሲዋሽ ነው። የእኔ አፕ ቁልፉ እንደተነካ "ሆነ" ብሎ ይነዝር ነበር፣ ምዝገባው ገና ሳይቀመጥ። አንድ ቀን ስልኩ በመሃል ባትሪው አልቆ ጠፋና ምዝገባው ሳይቀመጥ ቀረ። አክስቴ ግን እጇ "ሆነ" ብሏታል። እጅ የነገረንን ነገር እናምናለን፣ ተመልሰንም አናረጋግጥም። "ሆነ" የሚለው ንዝረት መምጣት ያለበት ቁጥሩ ስልኩ ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው። አንዲት ቅጽበት ብትዘገይም ትዘግይ።

በሮቹን አንድ በአንድ እየዘጋችሁ ሞክሩ

ስክሪኑን በወረቀት ሸፍኑና አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝግቡ። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙት። ከዚያ ንዝረቱን አጥፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ ድገሙት። የተጣበቃችሁበት ቦታ ሁሉ አንድ በር ብቻ ያለው ቦታ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን ቶክባክንም ክፈቱት፤ አንድሮይድ ላይ ተደራሽነት የሚለው ማስተካከያ ውስጥ አለ። አንድ ጊዜ ስትነኩ ያነብላችኋል፣ ሁለቴ ስትነኩ ይጫናል፣ ወደ ቀኝ ስትጠርጉ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሥዕል ብቻ ያላቸው ቁልፎቻችሁ ስም እንደሌላቸው ያኔ ትሰማላችሁ። ለእያንዳንዳቸው በአማርኛ ስም ስጡ። በድረ ገጽ ከሆነ የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ኮዱ ላይ ጻፉ፤ አለበለዚያ አንባቢው ፕሮግራም ፊደሉን በየትኛው ድምፅ እንደሚያነብ ግራ ይገባዋል።

ዓይን መጨፈን ግን ዓይነ ስውር መሆን አይደለም። እኔ ዓይኔን ሸፍኜ ያላገኘሁትን ችግር አንድ ዓይነ ስውር ወዳጄ በአምስት ደቂቃ አገኘው፤ ድምፁ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ሁለት ድምፅ ይደራረብ ነበር። አዲሱ ድምፅ ሲጀምር አሮጌው ይቁም። ለሚሞክሩላችሁ ሰዎች ደግሞ ጊዜያቸውን ክፈሉ። ሙያ ነው ያካፈሏችሁ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ፣ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን ተደራሽ ማድረግ የመንግሥታት ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ከምናገለግላቸው ሰዎች ጋር ለምንሠራ ለእኛ ይህን ከማድረግ የሚያግደን ነገር አይታየኝም።

ድምፁም፣ ንዝረቱም፣ የፊደሉ መጠንም ለየብቻ የሚስተካከሉ ይሁኑ። ዝግጁ ነው ብላችሁ ስታስረክቡ አጠገቡ ባዶ ደብተር ተዉላቸው፤ የከበዳቸውን ይጻፉበት ወይም ያስጽፉበት። አክስቴ ደብተሯ ላይ እስካሁን ሁለት ነገር አስጽፋለች። አንደኛው "ብር" የምትለዋ ቃል ትርዘማለች፣ ገዢ ይቸኩላል። ሁለተኛው ለረመዳን ገበያ ቴምር ይጨመር፣ ከነሥዕሉ። "ብር"ን ትናንት ማታ ቆርጬ አሳጥሬያታለሁ። የቴምሩን ሥዕል ነገ ጠዋት ከሱቁ ፎቶ አነሳለሁ።